ራቁቱን የደረሰው ሹም

ውድ ልጆቼ፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ተመርቃችሁ የመጀመሪያ ምድባችሁን ለምትጠብቁ ነርሶች፣ አዋላጆችና ጤና መኮንኖች ነው። ሌላ ሙያ ያለው ሰው ቢያነበውም ደስ ይለኛል። እኔ ነርስ ነኝ። 38 ዓመት ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። አሁን ሥራዬ ሁለት ነው፤ የልጅ ልጆቼን ከትምህርት ቤት ማምጣትና የድሮ ሰዎችን ታሪክ ማንበብ።

በዚህ ንባብ መካከል አንድ ሰው አገኘሁ። እስፓኛዊ ነው፤ ከሞተ ከ450 ዓመት በላይ ሆኖታል። ወደ አሜሪካ የሄደው አገር ሊወርር ነው። ሆኖም ታሪኩን ሳነብ ስለ መጀመሪያዋ ክሊኒኬ የተጻፈ እስኪመስለኝ ድረስ ልቤ ተነካ። በሃያ ዓመቴ ባውቀው ኖሮ ብዙ ሰው ባላስቀየምኩ ነበር። ለዚህ ነው ልነግራችሁ የፈለግኩት።

ስሙ አልቫር ኑኜዝ ካቤዛ ዴ ቫካ ይባላል። «ካቤዛ ዴ ቫካ» በእስፓኝ ቋንቋ «የላም ራስ» ማለት ነው። ስሙ ያስቃል፤ ግን በእናቱ በኩል የመጣ የትልቅ ዘር ስም ነው። የአባቱ አባት ፔድሮ ዴ ቬራ የካናሪ ደሴቶችን በጦር የያዘ፣ በጭካኔውም የታወቀ ሰው ነበር። ልጁ ያደገው አገር መያዝ እንደ እርሻ የዘር ሥራ በሆነበት ቤት ነው። ወጣትነቱን በጣሊያን ጦርነቶች አሳለፈ። ከዚያ የዘመኑ ሰው ሁሉ ዓይኑን ወደጣለበት ወደ ባሕር ማዶ ዞረ።

እኛ አገር «ሲሾም ያልበላ፣ ሲሻር ይቆጨዋል» ይባላል። በዚያ ዘመን እስፓኝ ውስጥም ብዙ ሰው የሚያስበው እንደዚያ ነበር። ኮርቴስ ሜክሲኮን ይዞ በወርቅ ከበለጸገ ገና ጥቂት ዓመት ነው። እያንዳንዱ የራሱን ሜክሲኮ ይመኛል። እ.ኤ.አ. በሰኔ 1527 በ5 መርከብ 600 ያህል ሰው ይዞ አንድ ዘመቻ ከእስፓኝ ተነሣ። አለቃው ፓንፊሎ ዴ ናርቫዬዝ ነበር። ካቤዛ ዴ ቫካ ደግሞ የንጉሡ ገንዘብ ያዥ። የሚገኘውን ወርቅ ቆጥሮ የንጉሡን ድርሻ የሚያስቀምጥ ሹም ማለት ነው። የዚህ ሹመቱ ነገር ኋላ ላይ ይገርማችኋል።

መከራው ገና ፍሎሪዳ ሳይደርሱ ጀመረ። ከ140 በላይ ሰው በመንገድ ላይ ከድቶ ቀረ። ኩባ ላይ አውሎ ነፋስ ሁለት መርከብ፣ 60 ሰውና 20 ፈረስ በላባቸው። በሚያዝያ 1528 ፍሎሪዳ ሲደርሱ ከ400 ያህል ሰው አይበልጡም። አንድ መንደር ውስጥ ጥቂት ወርቅ አዩ። ከየት እንደመጣ ሲጠይቁ የአገሬው ሰዎች ሩቅ ወዳለ አፓላቼ ወደሚባል አገር ጠቆሟቸው። አለቃው ወዲያው መርከቦቹን በባሕር ልኮ፣ 300 ሰው ይዞ በእግር ወደ ውስጥ ለመዝለቅ ወሰነ። የት እንዳሉ በትክክል አያውቁም። ቋንቋ የሚያውቅ ሰው የላቸውም። ስንቃቸውም ትንሽ ነው።

ካቤዛ ዴ ቫካ ተቃወመ። መርከቦቹ መጀመሪያ አስተማማኝ ወደብ ይግቡ አለ። ተቃውሞውንም የዘመቻው ጸሐፊ እንዲመዘግብለት ጠየቀ። (እናንተም የማታምኑበት ትእዛዝ ሲሰጣችሁ ሐሳባችሁን በካርዱ ላይ፣ በቀንና በሰዓት ጻፉ። ኮሪደር ላይ ማጉረምረም ለማንም አይጠቅምም።) አለቃው «እንግዲያው አንተ ከመርከቦቹ ጋር ሂድ» አለው። እሱ ግን እምቢ አለ። ሰው ፈሪ ይለኛል ብሎ ነው። ስህተት መሆኑን እያወቀ ለስሙ ሲል ከ300ዎቹ ጋር ገባ። ወደ ውስጥ ከዘለቁት መካከል ያንን አህጉር አቋርጠው የወጡት አራት ብቻ ናቸው።

አፓላቼ የሚባለው አገር ሲገኝ 40 ያህል ጎጆና የበቆሎ ማሳ ሆኖ ተገኘ። ወርቅ የለም። የአገሬው ሰዎች ደግሞ መሬታቸውን ለማንም የሚለቁ አልነበሩም፤ ፍላጻቸው የብረት ልብስ ይበሳ ነበር። ሰዉ በበሽታ መውደቅ ጀመረ። ወደ ባሕሩ ዳር ተመለሱ፤ መርከቦቹ ግን የሉም። ያን ጊዜ የሠሩት ነገር የሰው ብልሃት መጨረሻ ነው ብዬ አምናለሁ። እርካባቸውንና የጦር መሣሪያቸውን አቅልጠው ምስማርና መጥረቢያ ሠሩ። ከአጋዘን ቆዳ ወናፍ አበጁ። ከፈረስ ጭራና ጋማ ገመድ ፈተሉ። ሸሚዛቸውን ሰፍተው ሸራ አደረጉት። በየሦስት ቀኑ አንድ ፈረስ እያረዱ በሉ፤ የፈረሱን የእግር ቆዳ ሳይቀደድ ገፈው የውኃ አቁማዳ አደረጉት። በዚህ ሁኔታ 5 ጀልባ ሠርተው ከ240 በላይ ሰው በመስከረም ወር ተነሣ።

ጀልባዎቹ በማዕበል ሲበታተኑ ካቤዛ ዴ ቫካ ለአለቃው ጮኾ ምን ላድርግ አለው። የመለሰለት መልስ ከዚህ በኋላ ማንም ማንንም የሚያዝበት ጊዜ አይደለም፤ እያንዳንዱ ነፍሱን ያድን የሚል ነበር። ጠንካሮቹን ቀዛፊዎች የያዘው የአለቃው ጀልባ ነበር። በኋላ እሱም ባሕር ላይ ጠፋ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስኩ። ኅዳር 1528 ነው። የእነ ካቤዛ ዴ ቫካን ጀልባ ማዕበሉ ዛሬ ቴክሳስ በሚባለው አገር አጠገብ ያለ ደሴት ላይ ጣላት። የአገሬው ሰዎች ዓሣና ሥራሥር አመጡላቸው። ትንሽ ሲያገግሙ እንደገና ለመቅዘፍ ልብሳቸውን አውልቀው ጀልባው ውስጥ አስቀመጡና ገፉት። ማዕበሉ ገለበጠው። ሦስት ሰው ሞተ፤ የቀሩት እናታቸው እንደወለደቻቸው ራቁታቸውን ዳርቻው ላይ ቀሩ። ልብስ የለም፣ ሰይፍ የለም፣ ሹመት የለም። ብርዱ አጥንት የሚሰብር ነው።

ማምሻውን የአገሬው ሰዎች ምግብ ይዘው ተመለሱ። እነዚያን ሰዎች በዚያ ሁኔታ ሲያዩ መጀመሪያ ደንግጠው ወደ ኋላ አሉ። ከዚያ የሆነውን ሰሙ፤ የሞቱትንም አዩ። መጥተው አጠገባቸው ተቀመጡና አለቀሱ። ከግማሽ ሰዓት በላይ፣ ከሩቅ እስኪሰማ ድረስ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አለቀሱላቸው። እኛ ለቅሶ ቤት እንደምናደርገው ማለት ነው።

ካቤዛ ዴ ቫካ ወደ ቤታችሁ ውሰዱን ብሎ ለመናቸው። ከጓደኞቹ አንዳንዶቹ፣ ሜክሲኮን የሚያውቁት፣ ለጣዖት ይሠዉናል ብለው ፈሩ። የአገሬው ሰዎች ግን አስቀድመው ሰው ልከው በመንገዱ ላይ በአራት አምስት ቦታ ትልልቅ እሳት አስነደዱ። እነዚያን ራቁት ሰዎች ደግፈው እግራቸው መሬት እስከማይነካ በሩጫ ወሰዷቸው። አንዱ እሳት ጋ ሲደርሱ ያሞቋቸዋል፤ ትንሽ ሲሞቁ ወደሚቀጥለው ይሮጣሉ። በብርድ እንዳይሞቱባቸው ነው። የበረደው ሰው በአንድ ጊዜ ሩቅ መንገድ አይችልም፤ በየመሐሉ ሙቀት ይፈልጋል። ይህን ማን አስተማራቸው? 38 ዓመት በሽተኛ ከቦታ ቦታ ሳመላልስ ኖሬ ከዚህ የተሻለ የበሽተኛ አወሳሰድ አላየሁም።

እነዚያ አራት አምስት እሳቶች የራሴን ነገር አስታወሱኝ። በ1972 ዓ.ም. ነበር የተመደብኩት። ጋሞ ጎፋ ቆላ ውስጥ ያለች አንዲት ክሊኒክ። 21 ዓመቴ ነው። በነጭ ጋውኔ እኮራለሁ፤ ስቴቶስኮፑን ገበያ ስወጣ እንኳ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ነበር። በአራተኛው ወር ወባ ጣለኝ። መድኃኒቱን የማድለው እኔ፣ መነሣት አቃተኝ። የማላውቃት ሴት ጎጆዬ ገብታ እሳት አነደደችልኝ። ሌላዋ አጥሚት ይዛ መጣች። ሽማግሌዎች በተራ በሬ ላይ አደሩ። ቋንቋቸውን አላውቅም፤ ስማቸውንም አላውቅም። ከተነሣሁ በኋላ ስቴቶስኮፑን ገበያ ይዤ መውጣት ተውኩ። ማንም አልተናገረኝም፤ ራሴ አፈርኩ።

ወደ ደሴቱ እንመለስ። በዚያ ክረምት ከ80 ሰው 15 ብቻ ተረፈ። ባሕሩ ዳር ብቻቸውን የነበሩ አምስት እስፓኞች እርስ በርስ ተበላሉ። የአገሬው ሰዎች ይህን ሲሰሙ እጅግ ዘገነናቸው። «አረመኔ» የሚለውን ቃል ይዞ ባሕር የተሻገረው ማን እንደነበር አስቡ። ከዚያ ደግሞ የሆድ በሽታ ተነሥቶ ከአገሬው ሰው ግማሹን ጨረሰ። እነዚህ ናቸው ያመጡብን ብለው ሊገድሏቸው ተነሡ። አንድ ሰው ግን ተከራከረላቸው። ይህን ያህል ኃይል ቢኖራቸው ኖሮ የራሳቸውን ሰዎች ከሞት ባዳኑ ነበር አለ። በዚህ ቃል ተረፉ።

ቀጥሎ የመጣውን ነገር እያንዳንዳችሁ አንድ ቀን ታገኙታላችሁ። ካቤዛ ዴ ቫካ ሲጽፍ ሳይፈትኑን፣ የምስክር ወረቀታችንንም ሳይጠይቁን ሐኪሞች ሊያደርጉን ፈለጉ ይላል። እነሱ ሳቁ። አንችልም፣ ሙያችን አይደለም አሉ። የአገሬው ሰዎች እስኪያክሙ ድረስ ምግብ ከለከሏቸው። አንዱም እንዲህ ብሎ አስረዳው፦ በሜዳ ላይ ያለ ድንጋይ እንኳ ኃይል አለው፤ እኔ የጋለ ድንጋይ ሆድ ላይ አድርጌ ሕመም አርቃለሁ፤ እናንተማ ሰዎች ናችሁ፣ ከድንጋይ ትበልጣላችሁ። መልስ አጣ። በበሽተኛው ላይ አማተቡ፣ አባታችን ሆይ ደገሙ፣ እንደ አገሬው ባሕል እፍ አሉበት፤ እግዚአብሔር እንዲምረው ለመኑ።

እኔንም የመጀመሪያው ቀን ነው «ዶክተር» ያሉኝ። ነርስ ነኝ ብል ማን ሊሰማ! ለእነሱ ክሊኒኩ ውስጥ ያለው ሁሉ ዶክተር ነው። እናንተንም ይሏችኋል። ጆሯችሁ ደስ ይለዋል፤ የኔም ደስ ብሎት ነበር። ግን ያ ስም የተሰጣችሁ ሌላ ሰው ስለሌላቸው ነው። የማትችሉትን አልችልም በሉ፤ ሪፈር ጻፉ። የምትችሉትን ደግሞ ሳትሳቀቁ ሥሩ።

ካቤዛ ዴ ቫካ ያንን የተማረው በብዙ ሥቃይ ነው። ብዙ ጊዜ እንደ ባሪያ አሠሩት። ከውኃ ሥር ሥራሥር ሲቆፍር ጣቶቹ ከመቁሰላቸው የተነሣ ሰንበሌጥ ሲነካው ይደማ ነበር። ከዚያ ንግድ ጀመረ። የባሕር ቀንድ አውጣና ዛጎል ይዞ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ቆዳ፣ ፊት የሚቀቡት ቀይ አፈርና ለፍላጻ ጫፍ የሚሆን ባልጩት ይዞ ይመለሳል። ጎሳዎቹ እርስ በርስ ስለሚዋጉ አንዱ ወደ ሌላው መሄድ አይችልም፤ እሱ ግን የማንም ወገን ስላልሆነ ሁሉም ያሳልፈዋል። የንጉሡ ገንዘብ ያዥ ዛጎል ተሸክሞ ዞረ። በኋላ ያወጣው ይህ ነው፤ መንገዱን፣ ሰዉን፣ የትኛው ጎሳ መቼ የት እንደሚሰፍር አወቀ።

በመጨረሻ ከዘመቻው የተረፉ ሦስት ሰዎች አገኘ። አንድሬስ ዶራንቴስ፣ አሎንሶ ዴል ካስቲዮ፣ ሦስተኛው ደግሞ የዶራንቴስ ባሪያ የሆነ ጥቁር ሰው፣ ኤስቴባኒኮ። ከሞሮኮ፣ አዜሙር ከምትባል ከተማ የመጣ አፍሪካዊ ነው፤ ዓረብኛ ይናገር ነበር። አራቱም ያመለጡት በ1534 በበለስ ወቅት ነው። አዎ፣ ይህ በትግራይ ክረምት የምንበላው እሾሃም በለስ። ተክሉ ከአሜሪካ የመጣ ነው፤ እዚያ ጎሳዎቹ ሁሉ በበለስ ጊዜ ወደ አንድ አካባቢ ይሰበሰቡ ስለነበር ለማምለጥ ያ ጊዜ ይመቻል። ይህን ካነበብኩ ወዲህ በለስ የሚሸጡ ልጆች ሳይ ሁልጊዜ አስታውሳቸዋለሁ።

ከዚያ ወደ ምዕራብ መሄድ ጀመሩ። የሐኪምነታቸው ስም ከፊታቸው ይሄድ ነበር። በየመንደሩ በሽተኛ ይወጣላቸዋል። ሰዎች ዳንን ይላሉ። ምን እንዳዳናቸው መተንተን የኔ ድርሻ አይደለም፤ አራቱ ሰዎች ጸሎታቸው ነው ብለው ያምናሉ፤ ላቃልለው አልፈልግም። አንዱን ነገር ግን በሙያ ዓይን አየሁት። አንድ ሰው ከጀርባው በቀኝ በኩል በፍላጻ ከተወጋ ብዙ ጊዜ ሆኖታል። ጫፉ ውስጥ ቀርቶ ያሠቃየዋል። ካቤዛ ዴ ቫካ በእጁ ዳሰሰው፤ ወደ ልብ አጠገብ አግድም ተጋድሞ አገኘው። በቢላዋ ደረቱን ከፈተ። ቢላዋውን አስገብቶ በብዙ ድካም ጫፉን አወጣው። በአጋዘን አጥንት ሁለት ቦታ ሰፋው። ደሙን በቆዳ ፍቅፋቂ ጠጉር አቆመ። ሁለት ስቲች! በኋላ ክሩን ፈታው፤ ሰውየው ድኖ ነበር፤ ጠባሳው እንደ መዳፍ መሥመር ብቻ ይታይ ነበር ይላል። መንደሩ ያንን የፍላጻ ጫፍ ለማየት ተሰበሰበ፤ ወደ ሌላ አገርም ላኩት።

ማደንዘዣ የለ፣ ጓንት የለ። ስለ ድፍረቱ አይደለም ያነሣሁት። መጀመሪያ በእጁ መዳሰሱን ልብ በሉ። የት እንዳለ፣ በየት በኩል እንደተጋደመ ሳያውቅ ቢላዋ አላነሣም። ኋላም ተመልሶ ቁስሉን አየ። ዛሬ ብዙ ወጣት ባለሙያ ውጤቱን ከላቦራቶሪ ወረቀት ያነብና በሽተኛውን ሳይነካ ያዝዛል። እለምናችኋለሁ፣ ንኩ።

ከመንደር ወደ መንደር በሺህ የሚቆጠር ሰው ይከተላቸው ጀመር። አንድ ቦታ ከ600 በላይ የአጋዘን ልብ ተከፍቶ ደርቆ ተሰጣቸው፤ መንደሩን «የልቦች መንደር» ብለው ጠሩት። የሚሰጣቸውን ሁሉ ለሌላው ይሰጡ ነበር። በዚህ ሁሉ ጊዜ ከሰዎች ጋር የሚነጋገረው ኤስቴባኒኮ ነው። ሦስቱ እስፓኞች ክብራችን እንዳይቀንስ ብለው ብዙ አይናገሩም። መንገዱን የሚጠይቀው፣ የሚቀጥለው መንደር ማን እንደሆነ የሚያጣራው እሱ ነበር። ይህን ራሱ ካቤዛ ዴ ቫካ ጽፎታል።

በ1536 መጀመሪያ ላይ ካስቲዮ በአንድ ሰው አንገት ላይ የሰይፍ ቀበቶ ዘለበትና አብሮ የተሰፋ የፈረስ ጫማ ምስማር አየ። ወገኖቻቸው ቅርብ ናቸው ማለት ነው። ደስ አላቸው። ግን እየቀረቡ ሲሄዱ አገሩ ባዶ ሆነባቸው። ለም መሬት፣ ወንዝ የሞላበት፣ ሰው ግን የለበትም። መንደሮቹ ተቃጥለዋል። ሕዝቡ ተራራ ላይ ተደብቆ የዛፍ ልጣጭ ይበላል። የእስፓኝ ፈረሰኞች ሰዉን ለባርነት እያደኑ ነበር። ስምንት ዓመት የናፈቃቸው ወገኖቹ ያን ሲሠሩ አገኛቸው።

ካቤዛ ዴ ቫካ ከኤስቴባኒኮና ከ11 የአገሬው ሰዎች ጋር ተከታትሎ ደረሰባቸው። አራት ፈረሰኞች አዩት። ራቁቱን፣ ጸጉሩ ረዝሞ፣ ከአገሬው ሰዎች መካከል። መናገርም መጠየቅም አቅቷቸው ዝም ብለው ብቻ አፍጥጠው ተመለከቱት። የፈረሰኞቹ አለቃ ዲዬጎ ዴ አልካራዝ ወዲያው ያሰበው ግን አንድ ነገር ነው፤ አብረውት የመጡትን ሰዎች ባሪያ ማድረግ። ካቤዛ ዴ ቫካ ተጣላው። አልካራዝ በአስተርጓሚ ለሕዝቡ እነዚህ አራቱም የኛው ሰዎች ናቸው፣ የምትታዘዙት ለኛ ነው አላቸው። ሕዝቡ አላመነም። እንዲህ ብለው መለሱ፦ እነዚህ ከፀሐይ መውጫ መጡ፣ እናንተ ከፀሐይ መግቢያ፤ እነዚህ በሽተኛውን ያድናሉ፣ እናንተ ጤነኛውን ትገድላላችሁ፤ እነዚህ ራቁታቸውን ባዶ እግራቸውን መጡ፣ እናንተ ለብሳችሁ በፈረስ በጦር መጣችሁ፤ እነዚህ ምንም አይመኙም፣ እናንተ ያገኛችሁትን ሁሉ ትሰርቃላችሁ።

ልጆቼ፣ ይህን አንቀጽ ደጋግሜ አነባለሁ። ማን መሆናችሁን የሚመሰክሩት አገልግሎታችሁን የተቀበሉት ሰዎች ናቸው። መታወቂያችሁ ላይ የተጻፈውን አያነቡም። ያያሉ፤ ማን እንደነካቸው፣ ማን እንደጮኸባቸው ያውቃሉ።

በሐምሌ 1536 ሜክሲኮ ከተማ ገቡ። እንደራሴው ሜንዶዛና ራሱ ኮርቴስ በክብር ተቀበሏቸው፤ ልብስም ሰጧቸው። ካቤዛ ዴ ቫካ ግን ከወገኖቹ ጋር ከተገናኘ በኋላ ለብዙ ቀን ልብስ መልበስ አልቻለም። አልጋም አልወሰደውም፤ መሬት ላይ ነበር የሚተኛው።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። አላለቀም። እሱም ተመልሶ ሹመት ጠየቀ። በ1540 የሪዮ ዴ ላ ፕላታ ገዢ ተባለ፤ ዛሬ ፓራጓይና አካባቢው ያለው አገር ነው። ከብራዚል ዳርቻ ተነሥቶ 250 ሰው ይዞ በጫካ ውስጥ በእግር ተጓዘ፤ በመንገዱ ኢጓሱ የሚባለውን ታላቅ ፏፏቴ አየ። ከአውሮፓውያን መጀመሪያ ስለ እሱ የጻፈው እሱ ነው። በመንገድ ላይ ከጓራኒ ሰዎች ለሚወስደው ምግብ ይከፍል ነበር። ወታደሮቹ ወደ መንደር እንዳይገቡና ሰው እንዳይበድሉ ከለከለ። በመጋቢት 1542 አሱንሲዮን ገባ።

እዚያ የቆዩት ሰፋሪዎች ግን የለመዱት ሌላ ነው። የአገሬውን ሰው በነፃ ያሠራሉ፤ ሴቶቹንም ይወስዳሉ። አዲሱ ገዢ ይህን ሊያቆም፣ ግብርና ደንብ ሊያወጣ ተነሣ። እሱም ንጹሕ አልነበረም። የእስፓኝ ንጉሥ የዚያ መሬት ጌታ መሆኑን አንድ ቀን አልተጠራጠረም፤ የጓይኩሩን ሕዝብም በጦር ወግቷል። ስለዚህ ቅዱስ አድርጌ አልነግራችሁም። በ1544 የራሱ ሰዎች አምፀው አሰሩት። ዶሚንጎ ዴ ኢራላ የሚባለው የቀድሞው አለቃ ቦታውን ያዘ። ካቤዛ ዴ ቫካን በእግር ብረት ወደ እስፓኝ ላኩት፤ እዚያም ተከሰሰ፣ ተፈረደበት፣ ሹመቱን አጣ። ፍርዱ በኋላ ቢቀልለትም ወደ አሜሪካ አልተመለሰም።

ለምን ወደቀ? ጥሩ ሰው ስለሆነ ብቻ ነው ብላችሁ እንዳትደመድሙ። ራቁቱን ሳለ የሰውን ፊት አይቶ፣ ቋንቋውን ጠይቆ፣ ባሕሉን ጠብቆ ነበር የሚሄደው። ገዢ ሲሆን ለጓራኒዎች ያንን ትዕግሥት በከፊል ጠበቀላቸው፤ ለራሱ ሰዎች ግን አልነበረውም። በትእዛዝ ብቻ ሊለውጣቸው ፈለገ።

ይህን በድፍረት የምናገረው እኔም ስለደረሰብኝ ነው። ከ20 ዓመት በኋላ በአንድ ትልቅ ሆስፒታል ሜትሮን፣ የነርሶች ኃላፊ ማለት ነው፣ ሆንኩ። ከገጠር የመጣሁ፣ የበሽተኛን ችግር የማውቅ ነኝ ብዬ ገባሁ። ማወቄም እውነት ነው። አስታማሚን የሚያመናጭቅ ነርስ ሳይ ደሜ ይፈላል። በመጀመሪያው ወር 11 ሰው በጽሑፍ አስጠነቀቅኩ። ማታ ተረኞቹ ስንት በሽተኛ ለብቻቸው እንደሚይዙ አልጠየቅኩም። ሻይ የሚጠጡበት ክፍል እንደሌላቸው አላየሁም። አንድ ሌሊት እንኳ አብሬያቸው አላደርኩም። ለአስታማሚው ያዘንኩትን ያህል ለእነሱ አላዘንኩም። በስምንተኛው ወር ፊርማ አሰባስበው አስነሡኝ። ያን ጊዜ ተበደልኩ ብዬ አለቀስኩ። አሁን ሳስበው ዓላማዬ ትክክል ነበር፤ ፊርማቸውም ትክክል ነበር። ስለዚህ ኃላፊ ስትሆኑ፣ ትሆናላችሁም፣ የመጀመሪያውን ሳምንት ሌሊት ግቡ። ማስጠንቀቂያ ከመጻፋችሁ በፊት ወንበር ስባችሁ ከሚያድሩት ጋር ተቀመጡ።

አንድ ነገር ቀረኝ። ኤስቴባኒኮ። ሜክሲኮ ከደረሱ በኋላ ሦስቱ ክብር አገኙ። እሱ ባሪያ እንደሆነ ቀረ። በ1539 እንደራሴው ለሌላ ዘመቻ መንገድ መሪ አድርጎ ላከው፤ ዙኒ የሚባሉ ሕዝቦች አገር ሲደርስ ተገደለ። ካቤዛ ዴ ቫካ ለንጉሡ የጻፈው ዘገባ በ1542 ታትሟል። በመጨረሻው ገጽ የአራቱን ማንነት ይዘረዝራል። ሦስቱን የእገሌ ልጅ እያለ ከነአገራቸው ይጠቅሳል፤ በራሱማ አያቱን ጨምሯል። ከዚያ አራተኛው ኤስቴባኒኮ ይባላል፣ ጥቁር ዓረብ ነው፣ የአዜሙር ተወላጅ ይልና ዘገባው ያበቃል። አባት የለውም፣ እናት የለችውም።

ጋሞ ጎፋ ክሊኒኬ ውስጥ አንድ ዘበኛ ነበር። ሦስት ቋንቋ ይናገራል። ቀን ያስተረጉምልኛል፣ ማታ ይጠብቃል፣ ጠዋት ያጸዳል፤ ደመወዙ ግን የዘበኛ ነው። አንድ ቀን አንዲት እናት ልጇን በጣም አዘግይታ አመጣች። ተቆጣሁ፤ እንደ ጉድ ጮኽኩባት። እሱ ረጋ ብሎ አስተረጎመ። እሷ ራሷን ነቀነቀች፣ እጄንም ሳመች። ገረመኝ። ከሄደች በኋላ «እንዴት ሳትቆጣ ቀረች?» አልኩት። «ያልከውን አላልኳትም» አለኝ። «ወንዙ ሞልቶ ሁለት ቀን ዳር ላይ አድራለች። ልጅሽ ይድናል ብሏል አልኳት።»

ልጁ ዳነ። በየወሩ ሪፖርት እጽፍ ነበር፤ የታከመ ይህን ያህል፣ የተከተበ ይህን ያህል፣ ፈራሚ እኔ። ባለፈው ዓመት የድሮ ሪፖርቶቼን ቅጂ ከሳጥን አውጥቼ አንድ በአንድ አገላበጥኩ። የዚያን ሰው ስም ፈለግኩ። አንድም ቦታ የለም።